አራተኛዋ ወረቀት

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስቀድም፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። አባቴ የወላይታ ሰው ነው፣ እናቴ የሰላሌ፣ ያገናኛቸው የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነው፣ እና እኛ ቤት ጥላ ታየ፣ የሞተ ሰው ድምፅ ተሰማ የሚባል ወሬ ገና ሲጀመር እናቴ «በኢየሱስ ስም» ብላ ትዘጋዋለች፣ ወሬው እዚያው ይሞታል። ሥራዬም ቢሆን ለዚህ አይመችም። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ደም ሳይ ነው የምውለው፣ ያየሁትን እጽፋለሁ፣ ያላየሁትን አልጽፍም። ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ ላስደንቃችሁ ብዬ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ለሰው ሳልናገር ወራት ስለያዝኩት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጋሽ ተፈራ ነው። ጋሽ ተፈራ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ነበሩ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ድንጋዩ ከሚጀምርበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሁለተኛ ፎቁ ተጀምሮ የቀረ ቤት ነበራቸው። ፌሮው፣ የምሰሶው ብረት፣ ከሶሌታው ኮንክሪት ላይ ወደ ሰማይ እንደተገተረ ስንት ዓመት ኖረ። ሰፈርተኛው «መጨረስ አቅቷቸው ነው» ይል ነበር፣ እሳቸው ደግሞ «ጣሪያ ካለበስኩት ሰማዩን ከየት አገኘዋለሁ» ይሉ ነበር፣ የቱ እውነት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወጣት ሳሉ ለትምህርት ውጭ አገር ሄደው ሲመለሱ፣ ሰው ሁሉ ኮትና ሬዲዮ ሲያመጣ እሳቸው ቴሌስኮፕ ይዘው መጡ፣ ባለቤታቸው እትዬ አስናቀች ይህን ሲያወሩ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልሳቁበትም።

እኛ ሦስት ነበርን። እኔ ሰላም፣ ጌቱና ሄኖክ። አሁን ጌቱ ከአዲሱ ገበያ ፒያሳ ታክሲ ይነዳል፣ ሄኖክ ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ ያስተምራል፣ ያኔ ግን ጉልበታችን ቆስሎ የማይድን የሰፈር ልጆች ነበርን። ታስታውሳላችሁ አይደል፣ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ «ኤጭ» ይል ነበር፣ ቴሌቪዥን የሚያይ ያማርራል፣ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ይተራመሳል። እኛ ግን መብራት ጠፋ ማለት ለእኛ ጋሽ ተፈራ ወጡ ማለት ስለነበር እየተጋፋን ዳገቱን እንሮጣለን፣ ጌቱ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሳል፣ ከሱሉልታ በኩል የመጡ ዘመዶቹ ዳገት የለመዱ ናቸው ይባላል፣ እና እሳቸው ደረጃው ላይ ቆመው «ቀስ፣ ፌሮው እንዳይወጋችሁ» እያሉ አንድ በአንድ ይቆጥሩናል። የሳተርንን ቀለበት ያየሁት እዚያ ሶሌታ ላይ ነው። ብዙ ነገር ካየሁ በኋላ እንኳን፣ ወልጄ ካቀፍኩ በኋላ እንኳን፣ ያን የመሰለ ነገር አየሁ ለማለት ይከብደኛል።

ሁለት ልማድ ነበራቸው፣ ልንገራችሁ፣ ለኋላ ስለሚያስፈልጋችሁ ነው። አንደኛው የመነጽራቸው ነገር ነው። ጋሽ ተፈራ ሩቅ አያዩም ነበር፣ ወፍራም መነጽር ያደርጋሉ፣ ወደ ቴሌስኮፑ ሲጠጉ ግን አውልቀው ከጎን ያለው የውሃ ታንከር ክዳን ላይ ያስቀምጡታል፣ «ጠቅ» ይላል፣ ከዚያ ማስተካከያውን ለራሳቸው ዓይን እስኪጠራ ያዞሩታል። ከሳቸው ቀጥሎ የሚያይ ሰው ኮከቡን የተባዘተ ጥጥ ሆኖ ነው የሚያገኘው፣ ሩብ ዙር ወደ ግራ መመለስ አለበት። ሩብ ዙር ወደ ግራ፣ ይህን እጃችን በእንቅልፍ እንኳ ያውቀዋል።

ሁለተኛው የወረቀቱ ነገር ነው። አንዳንድ ኮከብ ድምቀቱ ይለዋወጣል፣ እና ጋሽ ተፈራ የኮከቡን ድምቀት በአጠገቡ ካሉት ጋር አስተያይተን በቁጥር እንድንገምት አስተማሩን። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ኮከቡ ደማቅ ነው። ግን ማንም ለማንም አይናገርም፣ «አንዱ ከተናገረ የሌላው ዓይን ይሰማል» ይሉ ነበር፣ ሁሉም በየወረቀቱ ጽፎ አጥፎ ባርኔጣቸው ውስጥ ይጥላል፣ ከዚያ እሳቸው እያወጡ ያነባሉ። የሳቸው ግምት ሁልጊዜ ከኛ በዜሮ ነጥብ ሁለት ያህል የደመቀ ነበር። ሄኖክ ሲተቻቸው «ዓይኔ ለጋስ ነው» ብለው ይስቃሉ። በኋላ ኢንተርኔት ሲመጣ፣ የዓለም ታዛቢዎች ግምታቸውን የሚያስገቡበት አንድ ድረ ገጽ ላይ እኔ መዘገብኳቸው፣ ኢሜይል ስላልነበራቸው የኔን አስገባሁ፣ የይለፍ ቃሉንም አብረን መረጥን።

ጋሽ ተፈራ ያረፉት በጥር ነው። እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ብነግራችሁ ይሻላል። ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ደውለውልኝ ነበር። «ሰላም፣ ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ብቅ በይ» አሉኝ። እኔ የማታ ተረኛ አልነበርኩም፣ ልጄም አልታመመችም፣ በቃ ደክሞኝ ነበር፣ «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት» አልኳቸው። «እሺ የኔ ልጅ፣ ሰማዩ የትም አይሄድም» አሉ። ለጌቱም ለሄኖክም ደውለውላቸው እንደነበር ያወቅኩት ለቅሶ ላይ ነው፣ እነሱም በሚቀጥለው ሳምንት ብለው ነበር።

ሰኔ ላይ ጌቱ ደወለ። ታክሲው ውስጥ ሆኖ ነው፣ ረዳቱ «ፒያሳ ፒያሳ» ሲል ይሰማኛል።

«ሰላም፣ ኖቫ ወጥቷል» አለኝ።

ኖቫ ማለት ጋሽ ተፈራ ዕድሜ ልካቸውን በገዛ ዓይናቸው ማየት የሚመኙት ነገር ነበር። አዲስ ኮከብ ተወለደ ማለት አይደለም፣ ድሮም የነበረ፣ ከመድከሙ የተነሣ የማይታይ ኮከብ ነው፣ ጎኑ ካለው ጓደኛ ኮከብ ላይ ጋዝ እየሳበ፣ እየሳበ፣ ለሺህ ዓመታት አጠራቅሞ ድንገት አንድ ሌሊት ቦግ ይላል፣ ለሳምንታት ይበራና ተመልሶ ይደበዝዛል።

«በየት በኩል?» አልኩት።

«በደቡብ። ከሶሌታው ላይ ፊት ለፊት ነው የሚሆነው። ለእትዬ ደውያለሁ፣ ኑ ብለውናል። ደግሞ እሑድ ወደ አዳማ ልጃቸው ጋ ጠቅልለው ሊሄዱ ነው፣ ቴሌስኮፑንም ውሰዱት ብለዋል።»

እንግዲህ የመጨረሻችን ነው ማለት ነው፣ ይህ ሁለታችንም ገብቶናል።

ዓርብ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል፣ ግድግዳው ላይ ፎቶ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። እትዬ አስናቀች ጋቢያቸውን ደርበው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ሳምናቸው፣ ሳሙን። «ባርኔጣቸው ደረጃው በር ላይ ነው፣ እሱን ብቻ አልጠቀለልኩትም» አሉ። ሄኖክ ቴሌስኮፑን፣ ጌቱ መቆሚያውን፣ እኔ ባርኔጣውን ይዤ ወጣን።

ዝናብ አባርቶ ነበር፣ ደመናው ግን ገና ከተማው ላይ ተኝቷል። ታንከሩን ተደግፈን ጠበቅን። ከታች የሰፈሩ ጫጫታ ይመጣል፣ የአንዱ ቤት መዝሙር፣ የአንዱ ቤት ኳስ፣ ከላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይንሾካሾካል፣ ሄኖክ ድሮ ጌቱ ጨረቃን ሊያይ ሲጠጋ ቴሌስኮፑን በግንባሩ ገጭቶ «ጨረቃ ተንቀሳቀሰች» ያለውን አነሣ፣ ሳቅን። ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ደመናው በደቡብ በኩል ተከፈተ፣ እና፣ አታምኑኝም ይሆናል፣ በዚያው ደቂቃ መብራት ጠፋ። ከአዲሱ ገበያ እስከ እኛ ድረስ ድርግም አለ። ሰፈሩ ሁሉ «ኤጭ» አለ። እኛ ተያየን፣ ሦስታችንም እንደ ልጅ ፈገግ ብለናል፣ በጨለማው የጌቱ ጥርስ ይታየኛል።

ኮከቡን ጌቱ ነው ያገኘው፣ ስልኩ ላይ ካለው ካርታ ጋር እያመሳከረ። ደብዘዝ ያለች፣ ብጫ ቢጤ ነጥብ ናት፣ ካላወቃችኋት ምንም አትመስልም። አየ፣ «እሷ ናት» ብሎ በቀስታ ተናገረ፣ ለሄኖክ ለቀቀለት።

ሄኖክ አጎንብሶ ቆየና «ለምን አበላሸኸው? ጥጥ ሆኗል» አለ።

«ጥርት ብሎ ነው የተውኩልህ» አለ ጌቱ።

ሄኖክ አስተካከለው፣ አየ፣ ለኔ ለቀቀልኝ። እኔም ስጠጋ ጥጥ ነው። እጄ ሳላዘው ሄዶ ሩብ ዙር ወደ ግራ መለሰው፣ ጠራ። ኮከቧን አየኋት። እያየኋት ነው ደግሞ እጄ ምን እንዳደረገ የገባኝ። ማስተካከያው ላልቶ ይሆናል፣ አሮጌ ዕቃ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

«ጌቱ፣ የማስተካከያውን ብሎን እይልኝ» አልኩት።

በስልኩ ቀይ መብራት አየው፣ አዞረው። «ጠብቆ ነው ያለው፣ እንደውም ይከብዳል» አለ።

ከዚያ ሄኖክ፣ እሱ መምህር ነውና፣ «እንሞክረው» አለ። ጌቱ አጠራው፣ እኔና ሄኖክም አይተን ጥርት ማለቱን አረጋገጥን፣ ሦስታችንም ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽተን ከፌሮው አጠገብ ቆምን፣ እጃችንን ኪሳችን ከተን። ነፋስ አልነበረም። መዝሙሩም ኳሱም ከመብራቱ ጋር ጠፍቷል። እና ከታንከሩ በኩል አንድ ድምፅ ሰማን። ትንሽ ናት፣ ሌላ ቀን ቢሆን ጆሮዬ አይይዛትም ነበር።

ጠቅ።

ሄኖክ ክንዴን ያዘኝ። ትልቅ ሰው ነው፣ ሦስት ልጆች አሉት፣ ክንዴን እንደያዘኝ ቆየ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፣ ሰው አንድ ነገር ተረጋግቶ አይቶ የሚጨርስበትን ያህል ነው፣ ከዚያ ያችው ድምፅ እንደገና መጣች፣ ክዳኑ ላይ የነበረ ነገር ሲነሣ የሚሰማው ዓይነት። ጌቱ ነው ደፍሮ የሄደው። አጎንብሶ አየ፣ ቀና አለ፣ ወደኛ ሳይዞር «ጥጥ ነው» አለ።

ብትጠይቁኝ፣ አልፈራሁም። ይህን ስል ጀግና ለመምሰል አይደለም። ፍርሃት የመጣው በኋላ ቤቴ ስገባ ነው። እዚያ ላይ ግን የተሰማኝ ሌላ ነገር ነው፣ ዘግይታ ቤት የገባች ልጅ በሩ ሳይቆለፍ ስታገኘው የሚሰማት ዓይነት።

«እንጻፍ» አልኩ።

ከኮቴ ኪስ የማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ፣ ሦስት፣ ቆጥሬ ነው የሰጠኋቸው፣ ደብተሩን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። እየተፈራረቅን አየን፣ በየፊናችን ዞረን ጻፍን፣ አጥፈን ባርኔጣው ውስጥ ጣልን። እሳቸው ስለሌሉ እኔ እያወጣሁ አነበብኩ። አምስት ነጥብ ዘጠኝ፣ የጌቱ። ስድስት፣ የሄኖክ። አምስት ነጥብ ዘጠኝ፣ የኔ። ባርኔጣውን ልዘቅዝቀው ስል ጣቴን አንድ ነገር ነካኝ።

አራተኛዋ ወረቀት እንደሌሎቹ አራት ጊዜ የታጠፈች ናት። ከኔው ደብተር የተቀደደች ናት፣ መስመሯ ያው ነው። አምስት ነጥብ ሰባት ትላለች። ሰባቱ ወገቡ ላይ በአግድም ተሰርዟል፣ ቀያሾች ከአንድ ጋር እንዳይምታታ የሚሰርዙት አሰራረዝ።

«ሄኖክ» አልኩ።

«እኔ አይደለሁም። በልጆቼ እምላለሁ።»

«ጌቱ።»

ጌቱ በኦሮምኛ ለራሱ የሆነ ነገር ተናገረ፣ ከዚያ ፌሮው ሥር ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

እትዬ አስናቀች ሻማ ይዘው ደረጃውን ሲወጡ ሰማናቸው። ዝምታችን ነው ያወጣቸው፣ «ወትሮ ስትሥቁ ነው የምሰማው፣ ምን ሆናችሁ ብዬ ነው» አሉ። ምን ልበላቸው። ወረቀቷን ሰጠኋቸው። ወደ ሻማው አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ይህን ሰባት ማን ጻፈው?» አሉ።

ሻማውን ወደ ሦስታችን ፊት ተራ በተራ አዙረው አዩን።

«እንግዲህ አይተዋታል» አሉ፣ ለኛ አይመስለኝም የተናገሩት። ከዚያ ወረቀቷን አጥፈው መዳፌ ውስጥ አስቀመጡና ጣቶቼን በላይዋ ዘጉ። «አስገቢላቸው።»

«እትዬ፣ እንዲህማ አይሆንም» አለ ሄኖክ ቀስ ብሎ። «በሞተ ሰው ስም ምልከታ አይላክም። እሳቸው ራሳቸው ቢሆኑ አይፈቅዱም። ያላያችሁትን አትጻፉ ብለው ነው ያሳደጉን።»

«ያላየውን የጻፈ ማን ነው ታዲያ?» አሉት እትዬ አስናቀች። ሄኖክ አንገቱን ደፋ።

እሑድ ወደ አዳማ ሸኘናቸው፣ ቤቱ ተቆለፈ፣ ቴሌስኮፑ በሳጥኑ እንዳለ እኔ ቤት አልጋ ሥር ገባ። የሦስታችንን ግምት ያን ሌሊቱን በየስማችን አስገብተን ነበር። አራተኛዋ ወረቀት ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፣ ሥራ ቦታ እየገባች፣ ገበያ እየወጣች። ሄኖክ ትክክል ነው፣ አውቃለሁ፣ እኔ ያላየሁትን የማልጽፍ ሰው ነኝ። ሰኞ ማታ ልጄን አስተኝቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፣ በጋሽ ተፈራ ስም ገባሁ፣ የዓርቡን ሰዓትና አምስት ነጥብ ሰባትን ጻፍኩ፣ የአስተያየት መስጫውን ባዶ ተውኩት፣ ላክሁት። ከዚያ አለቀስኩ፣ ከጥር ጀምሮ ያላለቀስኩትን።

ያ ሳምንትና ተከታዩ ዝናብ ብቻ ነበር። ሰኔ መጨረሻ አዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ፣ ኢሜይል ነው፣ ከድረ ገጹ፣ ለጋሽ ተፈራ የተጻፈ፣ በየወሩ መጨረሻ ለሁሉም የሚልኩት ዓይነት ነው። በዚህ ወር ላስገቧቸው ምልከታዎች እናመሰግናለን ይላል። ምልከታዎች፣ ሦስት።

እኔ ያስገባሁት አንድ ነው።

ሰልፉን ትቼ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልዬ ዝርዝሩን ከፈትኩት። ከላይ የድሮዎቹ አሉ፣ የዓመታት፣ በየአንዳንዳቸው አጠገብ ጋሽ ተፈራ የጻፏት አጭር አስተያየት አለች፣ በላቲን ፊደል አማርኛ ነው የሚጽፉት፣ «ከልጆቹ ጋር»፣ «ከልጆቹ ጋር»፣ በኋላ መሄዱን እየተውን ስንመጣ «ከሰላም ጋር»፣ «ከጌቱ ጋር»። ይህን ሁሉ እንደሚጽፉ አላውቅም ነበር፣ አስገብቼላቸው አላውቅም፣ ራሳቸው ነበር የሚያስገቡት። ከዚያ የዓርቡ አለ፣ እኔ ያስገባሁት፣ ባዶ የተውኩት ቦታ ላይ «ከልጆቹ ጋር» ይላል።

ከሱ በታች ሁለት አሉ። አንዱ የማክሰኞ፣ አንዱ የቅዳሜ። ሁለቱንም ሌሊት ዝናቡ የቤቴን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጠው ማደሩን አስታውሳለሁ፣ በአዲስ አበባ ሰማይ አንድ ኮከብ አልታየም። ቁጥሮቹን በነዚያ ሌሊቶች ሌላ አገር ያሉ ታዛቢዎች ካስገቧቸው ጋር አስተያየኋቸው፣ ኮከቧ መደብዘዝ ጀምራለች፣ የጋሽ ተፈራም ቁጥሮች አብረው ይደበዝዛሉ፣ ከሌላው ሰው በዜሮ ነጥብ ሁለት ደመቅ ብለው። አስተያየቱ በሁለቱም ላይ አንድ ቃል ነው።

«ብቻዬን።»

ከዚያ ወዲህ ያን ገጽ አልከፈትኩትም፣ የይለፍ ቃሉንም አልቀየርኩትም። የይለፍ ቃሉን ከኔና ከሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ አስብ ነበር፣ ግን ጌቱም ሄኖክም አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጠው አይተው ይሆናል፣ አንዳቸው እንደኔ ሌሊት ተነሥተው፣ እንደኔ ናፍቀው፣ አድርገውት ይሆናል፣ እንደዚያ ነው ብዬ ማሰብ እችላለሁ። ከጌቱ ጋር በየጠዋቱ ታክሲው ውስጥ እንገናኛለን፣ ጋቢና ያስቀምጠኛል፣ ስለ መንገዱ ስለ ልጆቹ እናወራለን። ልጠይቀው ብዬ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። አልጠየቅኩትም። ሄኖክንም አልጠየቅኩትም። «እኛ አይደለንም» ቢሉኝስ?